ቆጥቡ አላችሁን፣ ቆጠብን

በቴሌቪዥን ስለ ቁጠባ ውይይት በተያዘ ቁጥር አንዱ እንግዳ «የቁጠባ ባህላችን ገና ነው» ማለቱ አይቀርም። አጠገቡ ያለው ራሱን ይነቀንቃል። አቅራቢዋም ትስማማለች። እኔ በዚህ ጊዜ አክስቴ ትታወሰኛለች።

አክስቴ ቢሮ ታጸዳለች። የሰፈር ዕድር አላት። የሥራ ቦታ ዕቁብ አላት። ከጉሊት ሴቶች ጋር የምትጥለው ሌላ ዕቁብም አላት። የማርያም ማኅበሯ እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ለዓመታት የኮንዶሚኒየም ትከፍል ነበር። በቁጠባ ከእሷ በላይ ላሳር! ደሞዟ እጇ ሳይገባ ተከፋፍሎ ያልቃል። ታዲያ ባህሉ እንዲህ ካለ ሀብቱ ለምን አልመጣም? ሰዎች መልሱን ድሃው ጠባይ ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ ድሃው ብሩን የሚያስቀምጥበትን ቦታና ቦታውን የሚያስተዳድረውን ደንብ ማየት ይቀለኛል።

ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሀብት እንዲይዝ እዚህ አገር ከተሞከረው ሁሉ ትልቁ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን ሲያስተዳድሩ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 እንደገና ተከፈተ። ነባሩም አዲሱም ተሰለፈ፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ያን ሰሞን ንግድ ባንክ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ስለ ቁጠባ ባህል ቀስ ብሎ ቢናገር ጥሩ ነው።

ቁጥሮቹ ከዚያ ምዝገባ ጋር መጡ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60። የመጀመሪያው ተመዝጋቢው የሚያዋጣው ነው፤ ሁለተኛው ባንኩ የሚያበድረው። 10/90 እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተባለ። 40/60 ትንሽ ሻል ላለው። አክስቴ መሀል ላይ፣ 20/80 ባለ አንድ መኝታ ገባች። በወር 274 ብር፣ ለአምስት ዓመት። ሲደመር 16,440 ብር። ከሚወጣው ቤት 30 በመቶው ለሴቶች ተያዘ መባሉን ስትሰማ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

የባንክ ደረሰኞቿን በላስቲክ አስራ በፌስታል ታስቀምጥ ነበር። ፌስታሉ የሚቀመጠው ፍራሽ ሥር ነው። ደረሰኙ ቀለሙ ቶሎ ስለሚለቅ ጀርባው ላይ ወሩን በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። «መስከረም»፣ «ጥቅምት»፣ «ኅዳር — ተበድሬ»። ተበድሬ የሚለው ቃል ብዙ ቦታ አለ። በተከታታይ ያቋረጠ ከሰልፉ ይወጣል ይባል ስለነበር አንድ ወር እንዲያልፋት አትፈልግም። ከዕቁብ ተበድራ ባንክ ታስገባለች። ሌላ ወር ከባልደረባዋ ተበድራ ዕቁቡን ትጥላለች።

ፕሮግራሙ ጥሩ ጎን አልነበረውም ማለት አልችልም። ሒሳቡ ዝግ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ድሃ ቤት ውስጥ ክፍት የሆነ ብር አይቆይም። ለቅሶ አለ፣ የልጅ ሕመም አለ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ አለ። ስስታም መባል ደግሞ ከድህነት ይከብዳል። አክስቴ ለወንድሟ «ብሩ ዝግ ነው፣ ባንኩ አይሰጠኝም» ስትል አልዋሸችም፤ አልተጣሉምም። ደንቡ «አይሆንም» የሚለውን ከእሷ አፍ ወስዶ ባንኩ አፍ ላይ አደረገላት። ይሄን ጥቅም የሚያውቀው ዘመድ ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ጎን ቤቱ ላይ ያለው ድጎማ ነው። የመሬቱ ዋጋ በገዢው ላይ አልተጫነም። ቤቱ በወጪው አካባቢ ይሰጣል፤ ገበያው ግን ከዚያ በላይ ብዙ እጥፍ ይከፍልበታል። አምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ጀሞ ወይም ሰሚት ቀድሞ የደረሰው ሰው ዛሬ ልጁን ያስተማረው ከኪራዩ ነው። ይህን ያህል ሀብት ወደ ተራ ሰው እጅ ያስገባ ሌላ የመንግሥት ፕሮግራም በእኔ ዕድሜ አላውቅም።

ችግሩ ዕጣው ላይ ነው።

ዕቁብም በዕጣ ነው። በዕቁብ ግን ዕጣ የሚወስነው ተራን ነው፤ ማግኘት አለማግኘትን አይደለም። ሃያ ሰው ከገባ ሃያውም ይበላል። አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው በሃያኛው። መጨረሻ የደረሰው ቢያጉረመርምም ቀኑን ያውቃል፤ የሚደርሰውን ብርም ያውቃል። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ዋስ ተጠርቷል። ኮንዶሚኒየም የዕቁብን ዕጣ ወሰደና ማለቂያውን ተወው። ስንት ዙር እንዳለ አይታወቅም። የሚበላው ነገር ዋጋ በየዙሩ ይለወጣል። አንድ ሚሊዮን ሰው የገባበት ዕቁብ ሰብሳቢ «ቤቱ ሲደርስ እንነግራችኋለን» ቢል ማን ብር ይጥልለታል? ለመንግሥት ግን ጣልንለት።

እናም ድጎማው ሁሉ ዕጣ ለደረሰው ይሄዳል። ላልደረሰው የሚተርፈው ወለድ ነው። ጥቅምት 2010 ላይ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በዚያው ጊዜ የብር ዋጋ በ15 በመቶ ተቀነሰ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡ ካልኩሌተር አይፈልግም። ባንክ የተቀመጠ 10 ሺህ ብር በዓመቱ 10,700 ሲሆን በ10 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ13 ሺህ አለፈ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ብረትና ሊፍት በዶላር ነው የሚመጣው። የ2005ቱ 274 ብር ግን እዚያው ብር ሆኖ ተቀምጧል።

ይሄን ሳስብ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ያ ብር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የመቶ ሺዎች 274 ብር ሲደማመር ለባንክ ርካሽ ገንዘብ ነው። ለሌላ በብድር ተሰጥቷል፣ ሠርቷል፣ አትርፏል። እኛ «ድሃው ብድር አያገኝም» ስንል ድሃው ራሱ አበዳሪ ሆኖ ቆይቷል። ያውም በርካሽ ወለድ።

አክስቴ ደረሳት። የካቲት 27 ቀን 2011 በወጣው 13ኛው ዙር። ቦታው ኮዬ ፈጬ። ያኔ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቦታው ከኦሮሚያ ጋር በሚዋሰንበት ጫፍ ላይ ስለሆነ ተቃውሞ ተነሳ፤ ቤቶቹን ማስረከቡ ቆመ። ስሟ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ ሰፈሩ እልል ብሎላት፣ ቁልፉ የለም። ስትጠየቅ «ደርሶኛል፣ ግን አልደረሰኝም» ትል ነበር። ቁልፉ ከብዙ ምልልስ በኋላ መጣ። የቁጠባዋ ብር በአዲሱ ዋጋ የሚጠየቀውን ቅድሚያ ክፍያ አይሞላም። ቤቱም የሚሰጠው ፊኒሺንጉ ሳያልቅ ነው። ወለል የለም፣ ቀለም የለም፣ የውስጥ በር የለም። ጉድለቱን የሞላው ያው ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢዋን ለምና ቀድማ በላች። አሁን ቤቱን አከራይታ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ ትከፍላለች። እሷ አሁንም ኮልፌ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሥራዋ ፒያሳ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ማለዳ ተነስታ ሁለት ታክሲ ይዛ መመላለስ የማትችለው ነገር ነው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀበሌ አብሯት የተመዘገበ ጎረቤት ነበራት። ዘበኛ ነው። እሱም 274 ብር። እሱም ደረሰኝ በፌስታል። እሱ አልደረሰውም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 14ኛው ዙር ሲወጣ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበረበት። በቀናት ውስጥ የዕጣ ማውጫው ኮምፒውተር ተነካክቷል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፣ ሰዎች ታሰሩ። ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ያኔም የለም። ከተማ አስተዳደሩ ደግሞ የቆየ ተመዝጋቢ በማኅበር ተደራጅቶ የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ አስቀድሞ እንዲያስገባ አማራጭ አቀረበ። 20 በመቶውን በ274 ብር ሲገፋ ለኖረ ዘበኛ 70 በመቶ! «እኔ ባንክ ቤት ጠባቂ ነኝ እንጂ ባንክ ቤት አይደለሁም» አለኝ። ሳቅን።

40/60 ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር። በ2009 ሰንጋ ተራና ክራውን ሳይት ላይ የመጀመሪያዎቹ 972 ቤቶች ሲወጡ ቅድሚያ የተሰጠው ሙሉውን ለከፈለ ነው። 40 በመቶ ቆጥቡ ተብሎ 100 በመቶ ያለው ካለፈ ቁጠባው ጨረታ ሆነ ማለት ነው።

ምን ይሻል ነበር? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ቁጠባው በብር ከሚቆጠር በካሬ ሜትር ይቆጠር። በ2005 የተከፈለ 274 ብር በ2005 ዋጋ የሆነች ቁራጭ ካሬ ይግዛ፤ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በ2010 የተከፈለውም በ2010 ዋጋ። ሲሚንቶ ቢወደድ ያለፈው ክፍያ ዋጋው አይሸሽም። ሰውየው ከተማ ቢቀይር ካሬውን ለሌላ ተመዝጋቢ ያስተላልፍ፣ ወይ በወቅቱ ዋጋ ብሩን ይውሰድ። «የዋጋ ጭማሪውን ማን ይሸከመው?» ይሉኛል። በብሩ ሲሠራበት የኖረው ይሸከመው። እስከዛሬ የተሸከመው ዘበኛው ነው።

አንድ ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ብዙ ያልተወራለት። በ2009 በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት። በየሰፈሩ መንገድ የሚጠርጉትን፣ ችግኝ የሚኮተኩቱትን ሴቶች አይታችኋል። ሲጀመር ክፍያው በቀን 60 ብር ነበር። አራት ሰው በተመዘገበበት ቤት በወር እስከ 1,200 ብር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው በግዴታ ባንክ ይገባል። 240 ብር ተቀምጦ 960 ብር እጅ ላይ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሥራ ለመጀመሪያ የሚሆን የማይመለስ ገንዘብ ይጨመርበታል።

እኛ ሰፈር የነበሩትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠርገው ሲጨርሱ ቡና የሚጠጡት ግቢያችን በር ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ 20 በመቶው ሲቆረጥ አኩርፈው ነበር። «ለእኛ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው የሚቆጥቡት» ይሉ ነበር። ቆይቶ አንዷ በተጠራቀመውና በተጨመረላት ገንዘብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ለሱቅ ማስረከብ ጀመረች። ሌላዋ ብሩን ወስዳ የልጇን የሆስፒታል ዕዳ ከፈለች። የፕሮግራሙ ወረቀት ይሄን ውድቀት ሊለው ይችላል። እኔ አልለውም። ለዚያ ዕዳ የተሸጠ አልጋና ቴሌቪዥን የለም።

የሚገርመው ከ960ዋም ላይ ዕቁብ ይጥሉ ነበር። ሃምሳ ሃምሳ ብር። ማንም አላስገደዳቸውም። ሰብሳቢዋ ደብተሯን ከአንጸባራቂ ሰደርያዋ ውስጥ አውጥታ ስም ስትጠራ ሌሎቹ ጸጥ ይላሉ።

ጡረታውን በአጭሩ ልለፈው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ እንዲኖረው የወጣው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። መደበኛ ቅጥር ለሌለው ግን በሩ ጠባብ ነው። ጉሊት የምትቸረችር ሴት አሠሪዋ ማነው?

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የሚነግሩኝ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ሁሉም ጥሩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋና ገቢ የሌላቸው ብዙ የእኛ እናቶችና አባቶች ዜግነት ካገኙ በኋላ ኤስኤስአይ የሚባለውን ድጋፍ ይቀበላሉ። ይህ ድጋፍ አንድ ደንብ አለው። አንድ ሰው ባንክም ሆነ ሌላ ቦታ ያለው ጥሪት ከ2,000 ዶላር ማለፍ የለበትም፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ሜሪላንድ ያለች አንዲት ዘመዳችን ሒሳቧ 2,000 ሊሞላ ሲል ምን ልግዛ ብላ ትጨነቃለች። ሦስት የሩዝ ማብሰያ አላት። ያቺ ሴት እዚህ በነበረችበት ጊዜ ሳንቲም ቋጥራ ልጅ ያሳደገች ናት። ሀብታም በሆነ አገር፣ ቆጣቢን በሕግ የሚቀጣ ደንብ!

እዚያው አገር ግን ኮነቲከት የሚባለው ግዛት ተቃራኒውን እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ወዲህ እናቱ በመንግሥት የጤና መድን ሽፋን ለወለደችው ሕፃን በስሙ 3,200 ዶላር ኢንቨስት ይደረግለታል። ልጁ ከ18 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ ለትምህርት፣ ለቤት፣ ለንግድ ወይም ለጡረታ ያወጣዋል። እስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ያስቀምጣል፣ ሲጀመር 50 ሰቅል ነበር፤ ወላጅ ቅጽ ባይሞላም ብሔራዊ መድኑ ራሱ ሒሳቡን ይከፍታል። አሽዶድ ያለ የአጎቴ ልጅ አራት ልጆቹ እንዲህ ያለ ሒሳብ አላቸው። ወላጁ ከፈለገ ከልጆች አበል ላይ ሌላ ያንኑ ያህል ማስጨመር ይችላል። እሱ አላስጨመረም። «አበሉ ለወተት ነው» አለኝ። ስለዚህ የሀብታሙ ልጅ በመቶ፣ የእሱ በሃምሳ ያድጋል። ቢሆንም የእሱም ልጅ ዜሮ አይደለም። በዕጣም አልደረሰውም። ትንሽ ነው፣ ግን ለሁሉም ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ይሄ ነው፤ መጠኑ አይደለም።

እኛ አገር ለሁሉም ክፍት ነው የተባለ የቅርብ ጊዜ ነገር የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ነው። ጥቅምት 2017 ላይ ከድርጅቱ 10 በመቶው፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ባንክ መሄድ የለም፣ ደላላ የለም፣ ስልክ ይበቃል። የአንዱ ዋጋ 300 ብር። ነገር ግን ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ሆነ፤ 9,900 ብር። በሴፍቲኔት ዘመን እጃቸው ላይ ይቀር በነበረው 960 ብር ከተሰላ የአሥር ወር ቀለብ ነው። አምስት አክሲዮን ቢፈቀድ 1,500 ብር ነበር። ስንቱ የቤት ሠራተኛ፣ ስንቱ ሊስትሮ ባለድርሻ ይሆን ነበር! በመጨረሻ የተሸጠው ከ100 ሚሊዮኑ 10.7 ሚሊዮን አካባቢ ነው።

እነዚያ የሰፈራችን ሴቶች ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላም ዕቁቡን አላፈረሱትም። ስለ አክሲዮኑ ሰምተው ኖሮ ሰብሳቢዋ ጠራችኝ። «በዕቁባችን ስም መግዛት ይቻላል ወይ?» አለችኝ። ሽያጩ በግለሰብ ስም፣ በግለሰብ ቴሌብር እንደሆነ ነገርኳት። «እንግዲያው በአንዳችን ስም ይገዛ፣ እኛ በወረቀት እንፈራረማለን» አለች። በማን ስም? አንዷ ሞባይሏ ቆርቆሮ ነው፣ አፕሊኬሽኑን አይጭንም። ሌላዋ ባሏን ፈራች። ሦስተኛዋ «ብሞትስ፣ ልጆቼ የእኔ ነው ቢሉስ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ልክ ነበር። ዳኛ ይሰየም፣ ዋስ ይጠራ ተባለ። ትርፉ ሲከፋፈል እንዴት ይሁን የሚለው ላይ ሁለት እሑድ ተከራከሩ። ሦስተኛው ሳይመጣ ሽያጩ ተዘጋ።